በባዶ እግር የተጎበኘ ፍርስራሽ

አክስቴ ካሰች ሊቢያ ሄዳ ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት፣ አንድ አበባ ያለበት ሻሽና ሁለት ያበጡ እግሮች ነበር። ዘይቱን ጎረቤት ተካፈለው፤ ሻሹን እኔ ወሰድኩት፤ እግሮቹን የሚካፈላት ጠፋ።

ካሰች ሊቢያ ምን ትሠራለች ለሚል ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በ1974 ዓ.ም. መንግሥታችን ከሊቢያ ጋር ወዳጅ ነበር። ወዳጅ ደግሞ ይጠራራል። «ከአዋሳ ሁለት ሰው ይምጣ፤ አንዱ ከኅብረት ሱቅ፣ ሌላው ከዓሣ ማኅበር፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል» የሚል ደብዳቤ ቀበሌያችን ደረሰ። ከሱቁ ጋሽ ኑሪ ተመረጡ። ሱቁን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው፤ ልጅ ሆነው ቁርዓን ስለቀሩም ዓረብኛ ይሞክራሉ። ከእኛ ደግሞ እጅ ሲወጣ እትዬ ካሰች ሆነች። እኔ ሁለት እጅ አውጥቼላት ነበር፣ አንዱን አስወረዱኝ።

እኛ ማለት ሐይቁ ዳር ዓሣ የምናዘጋጅ አሥራ ስምንት ሴቶች ነን። ወንዶቹ ጠዋት በጀልባ ያመጣሉ፤ እኛ ቅርፊቱን እንፍቃለን፣ ሆዱን እንከፍታለን፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተን ፊሌቶ እናወጣለን። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከሁሉም ትንሿ ነኝ። አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከስድስተኛ ጋር ስላልተስማማን ነው እዚያ የተገኘሁት። ሥራው አይከፋም። የሚከፋው መቆሙ ነው። ድንጋይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ አለን፤ እሱ ላይ ጎንበስ ብለን፣ እግራችን የዓሣ ውሃ ውስጥ፣ አናታችን ፀሐይ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት እንቆማለን። ከኋላችን አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ እግረ ረጃጅም ወፎች፣ ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እነሱ እንኳ ሲደክማቸው አንድ እግራቸውን አጥፈው ያርፋሉ።

እትዬ ካሰች «አግዳሚ ወንበርና ትንሽ ጥላ ይሠራልን» ብላ ሦስት ጊዜ ለቀበሌ አመልክታለች። ከአዳራሹ ሥራ የተረፈ ሃያ ቆርቆሮ ግድግዳ ተደግፎ ዝናብ ይመታዋል፣ እሱ ይበቃ ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ በኃይሉ ሦስቴም «ይታያል» ብለዋታል። ለጉዞው ሊሸኟት ሲመጡ ግን እንዲህ አሏት፦

«ጓድ ካሰች፣ ጥሩ ሪፖርት ይዘው ከመጡ የወንበሩን ጥያቄ ሪፖርቱ በሚነበብበት ስብሰባ ላይ ለሕዝቡ አቀርበዋለሁ። ሪፖርቱ ግን ሪፖርት ይሁን! ባለፈው ከቡልጋሪያ የመጣው ሰው ስለ ምግቡ ብቻ አውርቶ ምን እንደደረሰበት ያውቃሉ።»

እናውቃለን። ሕዝብ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ። «ጓዶች፣ በሾርባ ተታልያለሁ» አለ። እስከ ዛሬ «ሾርባው» ነው የሚባለው፤ ልጆቹም የሾርባው ልጆች።

ስለዚህ በተመለሰች ቅዳሜ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ እትዬ እግሯን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀመጠች፤ እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ፊቷ። ማንበቡን በመሠረተ ትምህርት አሳምራ ተምራለች። ስትጽፍ ግን ፊደሉን እንደ ዓሣ አገላብጣ እስክትጨርስ ይመሻል።

«እሺ እትዬ፣ የመጀመሪያው ቀን ምን ጎበኛችሁ?»

«ድንጋይ።»

«ሁለተኛው ቀን?»

«ድንጋይ። ከመጀመሪያው ይረዝማል።»

«ሦስተኛው?»

«የወደቀ ድንጋይ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሪፖርት አይደለም፤ የድንጋይ ካባ ነው።»

«ምን ላድርግ ብርቅዬ? እኔ ዓሣቸውን ያሳዩኛል ብዬ ነው የሄድኩት። ዓሣውን ግማሽ ሰዓት አሳዩን፤ ድንጋዩን አራት ቀን።»

ቀስ እያለች አወጣችው። ከባሕሩ አጠገብ ያለ የጥንት ከተማ ነው። ስሙን እሷ አንድ ዓይነት፣ ጋሽ ኑሪ ሌላ ዓይነት አድርገው ነው የሚጠሩት፤ ስለዚህ እኔ አልጽፈውም። ጣራ የሌለው ቤተ ጸሎት በቤተ ጸሎት ነው አሉ፤ አንዱ ዓምዱ ብቻ የቆመ፣ አንዱ ደጁ ብቻ የቀረ፣ አንዱ ደግሞ «እዚህ ጋ ነበረ» ተብሎ በጣት የሚታይ። አስጎብኚው ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ ድንጋዮቹን የወለዳቸው ይመስል ይወዳቸዋል። አንዱን ጨርሰው እፎይ ሲሉ «ያላ!» ይላል፣ እንሂድ ማለቱ ነው፤ ከማዶ ሌላ አለ።

«አራተኛው ላይ» አለች እትዬ፣ «የሚናገረው ጆሮዬ ይገባል እንጂ የሚያርፍበት አያገኝም። ሰባተኛው ላይ ያንኑ ያየሁትን ዓምድ አዙሮ የሚያሳየኝ መሰለኝ። ዘጠነኛው ላይ ምነው አፍራሾቹ ሲያፈርሱ የቀረውንም በጨረሱት ብዬ አሰብኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«መድከሙስ ይድከምሽ። ግን እግርሽ ሐይቁ ዳር ስድስት ሰዓት ቆመሽ እንኳ እንዲህ አይሆንም።»

ግራና ቀኝ አየች።

«ለማንም አትናገሪም?»

«አልናገርም።»

«ማዪ።»

«እትዬ ትሙት።»

«ሌላ የምትገድዪው ሰው አጣሽ?» አለችና ነገረችኝ።

ለካ የመጀመሪያው ፍርስራሽ ደጅ ሲደርሱ እትዬ ጋሽ ኑሪን «እዚህ ቦታ ሰው ጸልዮበታል ወይ ብለው ይጠይቁልኝ» ብላቸዋለች። ጠየቁ። ልጁ «እንዴታ! በየቀኑ፣ ለብዙ መቶ ዓመት!» አለ። በቃ። እትዬ ጫማዋን አወለቀች። ጣራው ወደቀ ብላ ሰው የጸለየበት ቦታ በጫማ ልትገባ ነው? ጎንበስ ብላ ደጁን ተሳለመች። ቀና ብላ ዞር ስትል ጋሽ ኑሪም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ተያዩ፤ ምንም አልተባባሉም። የግንቦት ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ፣ መሐል መሐሉ ላይ እሾህ፣ አሥራ አንድ ቦታ!

«ሦስተኛው ላይ ጋሽ ኑሪ ለማን ነበር የሚጸልዩት ብለው ጠየቁት። ልጁ ሳቀና ነገራቸው። ፊታቸው ጥቁር አለ። ምን አለዎት ብላቸው፣ እትዬ ካሰች፣ የወይን ጠጅ ጣዖት ነው አሉኝ።»

«ደጁን ተሳልመሻል?!»

«ሁለት ጊዜ።»

ደብተሩን ፊቴ ላይ ከደንኩት። ሳቄ ግን በጎን ወጣ።

«ሳቂ፣ ሳቂ አንቺ ጥርስ ብቻ!»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ጫማችሁን አላጠለቃችሁም?»

«እንዴት ብለን? አራተኛው ላይ ብናጠልቅ የፊተኞቹን ሳናውቅ ነው ያወለቅነው ማለት አይሆንም? ልጁ ሊስቅብን! በእኛ አገር ጉብኝት በባዶ እግር ነው አልነውና ቀጠልን። መሳለሙን ግን ተውኩት።»

ይህ ነገር ከወጣ በሁለት በኩል ነው የሚያቃጥላት። ጓድ በኃይሉ ቢሰሙ «ለልምድ ብንልክዎት ተሳልመው መጡ?» ብለው ግለ ሂስ ያስቆሟታል፤ ወንበራችንም እዚያው ይቀራል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቢሰሙ ደግሞ የጣዖት ደጅ የሳመችው ካሰች ትባላለች። ጋሽ ኑሪም የራሳቸው ሰዎች አሏቸው። ስለዚህ ጫማው ሪፖርት ውስጥ አይገባም ተባብለን ተስማማን።

«ከሁሉ ደስ ያለሽስ የቱ ነው?» አልኳት፣ አንድ የምጽፈው ነገር ባገኝ ብዬ።

ፊቷ በራ። «አሥራ አንደኛው። ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። አንዲት ግቢውን የምትጠርግ አሮጊት ጥላ ሥር የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየኝ ጠጋ አለችልኝ። ልጁ ያላ አለኝ፤ አንተው ያላ አልኩት በአማርኛ። አሮጊቷ ዳቦና ወይራ ሰጠችኝ። ቋንቋ የለን፣ ምን የለን፤ እግሯን አወጣችና አሳየችኝ። እኔም አሳየኋት። አንድ ዓይነት ነው፣ ብርቅዬ! ባሕሩን እያየን ቁጭ አልን። የሄድኩበትን አገር ያየሁት ያኔ ነው።»

«ይሄን ልጻፈው?»

«አበድሽ? መቀመጥ ይጻፋል?»

ሰኞ የቀረውን ለመልቀም መሃል ከተማ ጋሽ ኑሪ ሱቅ ሄድኩ። ሳሙና እየደረደሩ ነበር።

«ጋሽ ኑሪ፣ ዓምዶቹ ስንት እንደሆኑ ያስታውሳሉ?»

«ብዙ።»

«ቁመታቸውስ?»

«ረጃጅም።»

«ከአምስተኛው ቀጥሎ ያያችሁት ምን ይመስላል?»

«ልጄ፣ ወላሂ ከሦስተኛው በኋላ ያየሁት የራሴን አውራ ጣት ብቻ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አክስትሽ የነገረችሽ ነገር አለ እንዴ?»

«ስለ ምኑ?» አልኩ፣ ፊቴን እንደ ሕፃን አድርጌ።

አፍጥጠው አዩኝና ሁለት ከረሜላ ሰጡኝ። አንዱን እዚያው በላሁት።

እንግዲህ ጻፍኩ። ዓምዶቹን ከመብራት ምሰሶ አስረዘምኳቸው። በየፍርስራሹ ሥር «የባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት የሰፊውን ሕዝብ ጉልበት በዝብዞ ያቆመው» የሚል ጨመርኩበት፤ ይህን ውይይት ክበብ ነው የሰማሁት፣ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። አሥራ አንዱም ፍርስራሽ የየራሱን አረፍተ ነገር አገኘ፤ ለአምስቱ ያንኑ ነው የሰጠኋቸው። ሁሉም ተደምሮ አራት ገጽ ሞላ። መጨረሻው ላይ የወንበሩን ጥያቄ በቀይ አሰመርኩበት።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ጢም አለ። ስም ስለሚጠራ የሚቀር የለም። ጓድ በኃይሉ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ፤ እኔ ፊደሌ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ጥጉ ላይ። ጋሽ ኑሪ ከፊት ናቸው። የዓሣ ሴቶቻችን አንድ ረድፍ ሙሉ ይዘዋል። ሾርባውም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለ።

እትዬ ቆማ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ፍርስራሽ ላይ ሰዉ ያደምጣል። አራተኛው ላይ ማዛጋት ተጀመረ። ስድስተኛው ላይ አዳራሹ በሙሉ ልክ ሊቢያ እንደሄደ ሰው ሆነ፤ አንገቱ የወደቀ፣ ዓይኑ የፈዘዘ። እኔ ደስ አለኝ፤ ያንቀላፋ ሰው ጥያቄ አይጠይቅማ።

«ጥሩ ነው» ብለው አቋረጧት ጓድ በኃይሉ፣ «ማስረጃም አለን።» ከመሳቢያ ፖስታ አወጡ። «ጋባዦቻችን የላኩት ፎቶ ትናንት ደርሶናል። ሕዝቡ ይየው።»

ፎቶ! እትዬ ካሜራ እንደነበረ አልነገረችኝም። ዞር ብዬ ሳያት ጣቷ ስድስተኛው ፍርስራሽ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ። ሰዉ ነቃ። ከሴቶቻችን ትልቋ እማማ ሙሉጌጥ አንዱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና ጮኹ።

«ካሰች! ጫማሽን ምነው እንደ ገበያ ዶሮ አንጠለጠልሽው?»

«እዚህም ላይ አንጠልጥላለች!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጋሽ ኑሪም ይዘዋል!»

ጓድ በኃይሉ ፎቶዎቹን አስመልሰው ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ደረደሯቸው። አዩ። እንደገና አዩ።

«አሥራ አንድ ቦታ፣ አሥራ አንዱም ላይ ጫማ በእጅ ነው። ምንድነው ይሄ?»

ጋሽ ኑሪ ብድግ አሉ። «ጫማው ጠቦን ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጫማውን የሰጣችሁ የኅብረት ሱቁ አይደለም?»

«ነው።»

«ለክቶ የሰጠው ማነው?»

ጋሽ ኑሪ ትንሽ አሰቡ። «እኔ ነኝ።»

«ሁለታችሁንም ጠበባችሁ?»

ጋሽ ኑሪ ተቀመጡ። እኔ እስክሪብቶዬን ነከስኩ። ሾርባው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ፈገግ አለ፤ ብቻውን ብዙ ጊዜ ቆይቷል፣ ጓደኛ ሊያገኝ ነው። እትዬ በመስኮቱ በኩል አየች። ከዚያ ቆርቆሮው ይታያል። አራቱን ገጽ፣ የደከምኩበትን አራት ገጽ፣ አጠፈችና ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ጫማው ምንም አልሆነም» አለች። «ልኬ ነው። ይሄው ዛሬም አድርጌዋለሁ። የተጸለየበት ቦታ ነው ሲሉኝ በጫማ መግባት አቃተኝ። ጋሽ ኑሪም እንዲሁ።»

ጓድ በኃይሉ እጃቸውን አነሱ።

«ጓድ ካሰች! እዚያ የተጸለየው እኮ ለጣዖት ነው!»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ደጁን ሳይቀር ስሜዋለሁ!»

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ሙሉጌጥ ናቸው። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ጋሽ ኑሪ ራሳቸው፣ ዓይናቸው እስኪያነባ። «የወይን ጠጅ ጣዖት ነው፣ አስተግፊሩላህ፣ እኔ እንኳ አልሳምኩም!» ይላሉ። አዳራሹ ተናወጠ። ጓድ በኃይሉ ጠረጴዛውን መቱ፤ ማን ሰምቷቸው!

እማማ ሙሉጌጥ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። «ለመሆኑ ጓድ በኃይሉ፣ እርስዎ ቢሆኑ በጫማ ይገቡ ነበር?»

ጓድ በኃይሉ አፋቸውን ከፈቱ። ችግሩ የገዛ እናታቸው እማማ ወለተጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ይዘው ልጃቸውን ያያሉ። ጓድ በኃይሉ እናታቸውን አዩ። አፋቸውን ዘጉ። ሳሉ።

«ጥያቄው እኔን አይመለከትም» አሉ፤ ሰዉ ባሰበት። እሳቸውም ከጢማቸው ሥር ትንሽ ሳቅ አመለጣቸው፣ አይቻለሁ። «እሺ፣ ጸጥታ! ጓድ ካሰች፣ ከዚህ ሁሉ ጉዞ ያገኙት ትምህርት ምንድነው? እሱን ይንገሩንና እንጨርስ።»

«እነግርዎታለሁ» አለች እትዬ። «አሥራ አንድ ፍርስራሽ አሳዩኝ፤ አንዱንም አላየሁትም። ያነበብኩት የብርቅዬ ነው።» (ወይ እትዬ!) «ያየሁት እግሬን ነው። እግሩ ያለቀ ሰው ዓይን የለውም፣ ወርቅ ቢያሳዩት ድንጋይ ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብላ አስቀመጠችኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ባሕሩ ሰማያዊ መሆኑን ያወቅሁት። እኛ ሐይቁ ዳር ስንት ዓመታችን ነው? እማማ ሙሉጌጥ፣ ሐይቁን አይተውት ያውቃሉ?»

«የቱን ሐይቅ?» አሉ እማማ ሙሉጌጥ። «እኔ የማውቀው ሳንቃውን ነው።»

«ይኸው! ሊቢያ ያለችው አሮጊት አግዳሚ ለማግኘት ድንጋዩ እስኪወድቅላት ሁለት ሺህ ዓመት ነው የጠበቀችው። እኛ የቆመ ቆርቆሮ አለን። ሪፖርቴ ይሄ ነው።»

ተቀመጠች። ሴቶቻችን ሳይጠየቁ እጅ አወጡ። ጋሽ ኑሪ አወጡ። እማማ ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን ለቀው አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል? ሾርባው እንኳ ወዲያ ወዲህ አየና አወጣ። ጓድ በኃይሉ ቆጠሩ፣ መቁጠሩ ሲሰለቻቸው «በሙሉ ድምፅ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፦

«የጫማውን ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳታስገቢው።»

አላስገባሁትም። ይሄ ደግሞ ቃለ ጉባኤ አይደለም።

ወንበሩን የሠሩልን ወንዶቹ ናቸው፣ በሁለት ቀን፤ ከባሕር ዛፍ አጣና። ሳንቃውን ከፍ አደረጉት፣ ከላይ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ መቱበት። በመጀመሪያው ጠዋት አሥራ ስምንታችንም ተደርድረን ስንቀመጥ አባ ኮዳዎቹ ግራ ገብቷቸው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እማማ ሙሉጌጥ ቢላቸውን እንደያዙ ቀና አሉ።

«እንዴ! ማዶ ተራራ አለ እንዴ?» አሉ።

በነሐሴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች መጡ። ጓድ በኃይሉ ከጠዋት ጀምሮ ሲያዞሯቸው ነው የዋሉት፤ ሱቁን፣ አዳራሹን፣ የሸማኔዎቹን ማኅበር፣ መዋዕለ ሕፃናቱን፣ የአትክልቱን ቦታ። እኛ ስድስተኛ ነን። ጓድ በኃይሉ በቀን ስንት ኪሎ ፊሌቶ እንደምናወጣ ሲያብራሩ፣ አንድ ፋይል የታቀፈ ወፍራም ሰውዬ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ዓይኑን አየሁት። የሰባተኛው ዓምድ ዓይን ነው። እትዬም አየችው።

ጠጋ አለች። እኛም ተራ በተራ ጠጋ ጠጋ አልን፣ እስከ ጥግ።

«ጓድ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» አለችው። «ጫማዎን ከፈለጉ ያውልቁ። ከፈለጉ ነው፤ እዚህ ማንም አልጸለየበትም።»

ሰውዬው ጓድ በኃይሉን አየ፣ ወንበሩን አየ። ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውንም አወለቀ፣ እግሩን ዘረጋና ከሆዱ ውስጥ አንድ ረጅም እፎይታ አወጣ።

«ቀጥሎ የምናየው…» አሉ ጓድ በኃይሉ።

«ጓድ በኃይሉ» አለ ሰውዬው ዓይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል፣ «ትንሽ ይቆይ።»

ጓድ በኃይሉ ቆሙ። ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ልክ እንደ አባ ኮዳ። አሳዘኑኝ፣ ከጎኔ አንድ ስንዝር ለቀቅሁላቸው። መጀመሪያ ወንበሩ ጠንካራ መሆኑን የሚያረጋግጡ መስለው በእጃቸው ጫን አሉት። ከዚያ ተቀመጡ።

ጫማቸውን አላወለቁም። ማሰሪያውን ግን ላላ አደረጉት።